ዶክተር ከተባሉ በኋላ የሚፈለግ ሥራ



ከዐስር ሶላት በኋላ ቁጭ ስንል ወሬያችን አንድ ነው። መጀመሪያ የመውጫ ፈተና፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ማስተርስ። ደፈር ያለው «ፒኤችዲ» ይላል። ከዚያ በላይ የሚሄድ ወሬ በጀመዓችን ሰምቼ አላውቅም። ሰው ዶክተር ከተባለ በቃ፣ ደረሰ፣ አረፈ ነው የምንለው።

የአክስቴ ልጅ ግን አላረፈም። ባሕር ዳር በውሃ ምህንድስና ፒኤችዲውን ከጨረሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዳንግላ ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ስሙን ትቶ «ዶክተር» ይለዋል። መስጂድ በር ላይ ጫማ የሚጠብቀው ልጅ እንኳ «ዶክተር፣ እዚህ ያስቀምጡት» ነው የሚለው። እሱ ደግሞ ማታ ማታ ላፕቶፑን ከፍቶ ሥራ ይፈልጋል። ከእንጅባራ ወደ ቤት በሄድኩ ቁጥር (መንገዱ ክፍት ሲሆን ማለቴ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት) አጠገቡ ቁጭ አድርጎ የሚጽፋቸውን ደብዳቤዎች ያስነብበኛል። «አንተ ካልገባህ እነሱም አይገባቸውም» ይለኛል። አድናቆት ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም። ለማንኛውም የሚከተለው ከእሱ ጎን ቁጭ ብዬ የተማርኩት ነው። ከመካከላችን አንድ ሁለት ሰው እንኳ ወደዚህ መንገድ ቢገባ ከዜሮ እንዳይጀምር ብዬ ነው የጻፍኩት።

የሚፈልገው ሥራ «ፖስትዶክ» ይባላል። በወረቀት ላይ «ድኅረ ዶክትሬት» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ በአፍ ሲባል ግን አልሰማሁም። ዲግሪ አይሰጥበትም፣ ተመራቂም የለው። አንድ ፒኤችዲ የጨረሰ ሰው በአንድ አንጋፋ ተመራማሪ ሥር ለአንድ፣ ለሁለት፣ አንዳንዴም ለሦስት ዓመት ተቀጥሮ ምርምር ብቻ የሚሠራበት ቦታ ነው። ይከፈለዋል፣ ያሳትማል፣ በመጨረሻም የራሱን ጥያቄ የራሱ አድርጎ ይወጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ በተለይ በሳይንስና በምህንድስና ያለዚህ ደረጃ መምህር ሆኖ መቀጠር በጣም ከባድ ነው። እኛ አገር ያለውን መሰላል ታውቁታላችሁ፤ ረዳት ምሩቅ፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር እያለ ይወጣል። ፒኤችዲውን የያዘ ሰው በቀጥታ ረዳት ፕሮፌሰር ይሆንና የማስተማሪያ ሰዓቱን ተሸክሞ፣ ፈተና እያረመ፣ ኮሚቴ እየገባ ይኖራል። በመሰላሉ ላይ «ቁጭ ብለህ ሁለት ዓመት ምርምር ብቻ ሥራ» የሚል እርከን የለም። አንዳንድ የምርምር ማዕከላት ከውጭ በሚገኝ ገንዘብ እንዲህ ዓይነት ቦታ ይከፍታሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው።

ይህን ለአክስቴ ማስረዳት የወደቀው በእኔ ላይ ነው። «ዶክተር ከሆነ በኋላ ደግሞ ምን ሊማር ነው?» አለችኝ፣ ቡና እየቆላች። ዝም ብዬ ሳስብ የመድረሳ ሸኻችን ትዝ አሉኝ። እሳቸው ወሎ የቀሩ ናቸው። ከሰዓት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወጥተን ሉሓችንን ይዘን ስንመጣ፣ አንዳንዴ ከቂርኣቱ ፊት ስለ ደረሳነታቸው ያጫውቱን ነበር። ደረሳ አንዱን ኪታብ አንድ ሸኽ ዘንድ ይጨርሳል፤ ከዚያ ስንቁን ይዞ በነሕው የታወቀ ሌላ ሸኽ ፍለጋ ይሄዳል፤ ከዚያ ደግሞ በፊቅህ የታወቀ። ኢጃዛ ካገኘ በኋላም ወዲያው አገሩ ገብቶ የራሱን ደርስ አይከፍትም። ሸኹ ዘንድ ይቆያል፣ ታናናሾቹን ያስቀራል፣ ኪታብ ይገለብጣል፣ የከበደውን መስአላ ከሸኹ ጋር ይከራከራል። ሰዎች «ይህ የእገሌ ሸኽ ልጅ ነው» ማለት የሚጀምሩት በዚያ ጊዜ ነው። ለአክስቴ ይህንኑ ነገርኳት።

«ታዲያ ገና ደረሳ ነው በለኛ!» አለች።

አዎ፣ ገና ደረሳ ነው። ልዩነቱ ደረሳ የሚበላው የመንደሩ ሰው ከሚሰጠው መሆኑ ነው። ፖስትዶክ ደመወዝ አለው፤ ደመወዙ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ካለው ገንዘብ ነው የሚወጣው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያልገባው ሰው ሥራውን የት እንደሚፈልግ አይገባውም። ለዚህ ደግሞ ሩቅ አልሄድም፤ ምሳሌው እዚሁ ዳንግላ አለ።

ከከተማዋ ብዙ የማይርቀውን የዳንግሽታ ቀበሌ የምታውቁ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን አጋሮቻቸው ጋር ሆነው እዚያ የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ጀመሩ። ጥያቄያቸው ገበሬው በእጁ በሚቆፍረው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ውስጥ በበጋ ለመስኖ የሚበቃ ውሃ አለ ወይ የሚል ነበር። የሚለካ ሰው ከውጭ ከማምጣት ይልቅ የቀበሌውን ነዋሪዎች ራሳቸውን አሠለጠኑ። ዝናቡን በየቀኑ፣ የጉድጓዱን ውሃ በየሁለት ቀኑ ለክተው በደብተር ይመዘግቡ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በታወቀ የውሃ ሳይንስ መጽሔት ላይ ታተመ። የገበሬዎቹ መዝገብ ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር ተነጻጽሮ የሚታመን ሆነ፤ የዝናቡ መዝገብ ከሳተላይት ከሚገኘው ግምት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እንደ ምህንድስና ተማሪ ይህን ሳነብ ደስ ያለኝን ያህል ብዙ ነገር ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዚያው ቀበሌ ከአሜሪካ መንግሥት በተገኘ ገንዘብ ሌላ የአነስተኛ መስኖ ምርምር ነበር። የገመድ ፓምፕ፣ የጠብታ መስኖ፣ መሬት ሳያርሱ አትክልት ማልማት ይሞከርበት ነበር። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማስተርሳቸውንና ፒኤችዲያቸውን ሠርተውበታል። የእንግሊዙ ገንዘብ ጊዜው ሲያበቃ አበቃ። የአሜሪካው ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ዩኤስኤአይዲ ሲፈርስ ያን መሰል ፕሮግራሞች በብዛት ተዘጉ። ከገንዘቡ ጋር በእሱ ሊቀጠሩ የነበሩ ሰዎች ቦታም አብሮ ሄደ። የአክስቴ ልጅ ዓይኑን ጥሎባቸው ከነበሩት ውስጥ ሁለቱ በዚያ ሰሞን ነው የጠፉት።

ስለዚህ ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ደመወዙን አይደለም። ፕሮጀክቱ መቼ ተፈቀደ፣ ማን ከፈለው፣ ስንት ዓመት ቀረው የሚለውን ነው። ከዚህም የተሻለው ሥራው ከመውጣቱ በፊት ማወቅ ነው። የምርምር ገንዘብ ሰጪዎች ማን ምን ያህል እንዳገኘ በይፋ ያወጣሉ። አንድ ፕሮፌሰር ዛሬ ገንዘብ ካገኘ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰው ይፈልጋል። ማስታወቂያው ዩራክሰስ በሚባለው የአውሮፓ ገጽና በመሳሰሉት እስኪወጣ ከመጠበቅ ቀድሞ መጻፍ ይሻላል።

አጻጻፉ ላይ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። በኢሜይል ሳጥናቸው ውስጥ በየቀኑ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በእርስዎ ድንቅ ምርምር ተማርኬ…» የሚል የሚጎርፍላቸው ሰዎች ናቸው። የአክስቴ ልጅ የሚጽፈው ከአንድ ገጽ ያነሰ ነው። በመጀመሪያው አንቀጽ የሰውየውን አንድ የታተመ ጽሑፍ ይጠቅሳል፤ ያልተመለሰ ነገር ያገኘበትን ቦታ ይናገራል። በሁለተኛው በእሱ እጅ ያለው መረጃ ወይም ዘዴ ያንን እንዴት ሊመልስ እንደሚችል። በሦስተኛው መቼ እንደጨረሰ፣ ምን እንዳሳተመ፣ ሊመሰክሩለት ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት ሰዎች እነማን እንደሆኑ። ሙገሳ የለም፣ ልመናም የለም። እኛ ለሰው ደብዳቤ ስንጽፍ ትሕትናችንን ለማሳየት ራሳችንን ዝቅ ማድረግ ለምደናል፤ እነሱ ግን ዝቅ ያለውን ሰው ችሎታ የሌለው አድርገው ነው የሚያነቡት። ይህ አደብን መተው አይመስለኝም። ያለህን ነገር በእውነት መናገር ነው፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።

በዚህ ዓይነት ከጻፋቸው 31 ደብዳቤዎች 19ኙ መልስ አላገኙም። ስምንቱ «ገንዘብ የለኝም» አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ግን አንድ የጀርመን ፕሮፌሰር «ገንዘብ የለኝም፤ ለሁምቦልት ብታመለክት ተቀባይህ ልሆን እችላለሁ» አሉት። ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ገንዘቡን ራስህ ይዘህ መሄድ። የሁምቦልት ፋውንዴሽን ፒኤችዲ ከያዙ አራት ዓመት ያላለፋቸውን ከ6 እስከ 24 ወር ጀርመን ውስጥ ያቆያል፤ ተቀባዩን ማግኘት ግን የአመልካቹ ሥራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ ፖስትዶክ እስከ ስምንት ዓመት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከ12 ወር በላይ የኖርክበት አገር መሄድ አትችልም። ለእኛ ይህ ችግር አይደለም፤ ዳንግላ አውሮፓ ውስጥ የለችም።

እነዚህ ዓመታት የሚቆጠሩት ከዲግሪው ቀን ጀምሮ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሰውየው ተከላክሎ፣ ተመርቆ፣ ኦፊሴላዊ ወረቀቱ እጁ ሳይገባ ብዙ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የአክስቴ ልጅ ወረቀቱን የጠየቀበት ቢሮ ሦስት ጊዜ አመላልሶታል። ሰዓቱ ግን አይቆምለትም።

ለእኛ ቅርብ የሆኑ በሮችም አሉ። ከጂዳ በስተሰሜን በቀይ ባሕር ዳር ያለው ካውስት የተባለው የሳዑዲ የምርምር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተከፈተ ጀምሮ ከመላው ዓለም ፖስትዶኮችን ይቀጥራል፤ በውሃና ጨዋማነትን በማስወገድ ላይ በተለይ ጠንካራ ነው። የኢስላሚክ ልማት ባንክም ኢትዮጵያ አባል ባትሆንም አባል ባልሆኑ አገሮች ላሉ ሙስሊሞች የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ከጀመረ ረጅም ዘመን ሆኖታል፤ ከፕሮግራሞቹ መካከል የድኅረ ዶክትሬት ምርምርም አለበት። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሄዱበት ነው። እዚያ ግን ፖስትዶክ እንደ ሠራተኛ አይቆጠርም፤ ግብር የማይቆረጥበት የኑሮ ድጎማ ይሰጠዋል፣ ጡረታ የለውም። ጀርመን ውስጥ በፕሮጀክት የተቀጠረው በመንግሥት የደመወዝ ስኬል ውል ፈርሞ ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ የብሔራዊ ጤና ተቋሙ በ2024 ለጀማሪ ፖስትዶክ ያወጣው መነሻ በዓመት 61,008 ዶላር ነበር። ቁጥሩን በብር አባዝታችሁ እንዳትደነግጡ፤ የቤት ኪራዩንም በብር አባዙት።

አሁን ደግሞ በእኛ ላይ ብቻ የሚመጣ ነገር አለ፤ ስም። የአክስቴ ልጅ ስም ውስጥ ሙሐመድ አለበት። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በዲግሪው ላይ ሌላ፣ በፓስፖርቱ ላይ ሦስተኛ የላቲን አጻጻፍ አለው። አንዱ በኦ፣ አንዱ በዩ፣ አንዱ በኢ ነው። ከታተሙት አራት ጽሑፎቹ ሁለቱ በአባቱ ስም፣ ሁለቱ በአያቱ ስም ተመዝግበዋል፤ ኮምፒዩተሩ አራቱን ለሦስት ሰዎች አካፍሏቸዋል። ጠያቂው ሲፈልገው ያገኘው አንድ ጽሑፍ ብቻ ያለው ሰው ነው። ኦርኪድ የሚባል የተመራማሪ መለያ ቁጥር በነጻ ይሰጣል፤ ሁሉንም በአንድ ሰው ስር ያሰባስባል። እናንተ ገና ፓስፖርት ያላወጣችሁ ግን ከአሁኑ አንድ አጻጻፍ ምረጡና ያዙ። የመመረቂያ ወረቀታችሁ ላይ ከመጻፉ በፊት።

ስለ ማሳተም አጭር ነገር ልበል። ገንዘብ ከፍለህ በሁለት ሳምንት የሚያወጡልህ መጽሔቶች አሉ፤ ለእድገት ተብሎ አንዳንድ ሰው ይጠቀምባቸዋል። የውጭው ጠያቂ ዝርዝርህ ውስጥ አንዷን ካየ ሌሎቹን ጥሩዎቹንም ይጠራጠራል። ከአምስት እንዲህ ዓይነት አንድ የተመረመረ ይበልጣል። ይህ ከሐላልና ሐራም ጋርም የሚገናኝ ይመስለኛል፤ ፈትዋውን ግን ለኡስታዞቻችን እተዋለሁ።

ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያኔ የአክስቴ ልጅ ፒኤችዲውን ሊያጠናቅቅ ነበር። ከኔዘርላንድ የመጣለትን «እስከ ወሩ መጨረሻ እንነጋገር» የሚል መልስ ያነበበው ከአራት ወር በኋላ አዲስ አበባ ሲሄድ ነው። ጽፎ አስረዳ፤ በጨዋነት አዘኑለት፤ ቦታው ግን ተይዟል። ከዚያ ወዲህ በሚልከው ሁሉ ግርጌ አዲስ አበባ ያለ የወንድሙን ስልክ ያስቀምጣል።

ቃለ መጠይቅ አንድ ጊዜ ዓርብ ልክ በጁምዓ ሰዓት ተቀጠረለት። ይቅር ብሎ ሊገባ ሲል አባቱ «ጠይቃቸው፤ ቢበዛ እምቢ ይሉሃል» አሉት። ጠየቀ። በሁለት መስመር «ችግር የለም፣ በዘጠኝ ሰዓት ይሁን» ብለው መለሱ። ምክንያቱን እንኳ አልጠየቁም። ብዙ ጊዜ ሳንጠይቅ ነው እምቢ የተባልነው።

ለእህቶቻችን ሁለት ነገር። ከእንጅባራ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ ከቡሬ ቀጥላ ያለችውን ፍኖተ ሰላምን ታውቋታላችሁ። ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ የተወለዱት እዚያ ነው። ዓለማያ ተምረው፣ ፒኤችዲያቸውን እ.ኤ.አ. በ1989 ከካንሳስ ስቴት ይዘው፣ እስከ 1992 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፖስትዶክ ሆኑ። ከዚያ ኮሎምቢያ ባለው ዓለም አቀፍ የትሮፒክ ግብርና ማዕከል ለዓመታት ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ ያለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን በዋና ዳይሬክተርነት ተረከቡ። ከኛ መንገድ ዳር የወጡ ናቸው። ሁለተኛው፣ ርቆ መሄድ ለማይመቻት እህት የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት የሆነው ኦውስድ በአገሯ ተቋም ውስጥ ሆና ለምትመራመር ፒኤችዲ ያላት ሴት እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የምርምር ድጋፍ ይሰጣል። መሐረም፣ ጉዞ፣ ልጅ ለሚያሳስባት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የአክስቴ ልጅ እምቢታ ሲበዛበት የምነግረው የአዚዝ ሳንጃርን ታሪክ ነው። ከቱርክ ማርዲን አውራጃ፣ ካልተማሩ ወላጆች ቤት የወጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክሳስ ፒኤችዲውን ጨርሶ ለፖስትዶክ ሦስት ቦታ አመለከተ፤ ሦስቱም አልተቀበሉትም። ዬል ዩኒቨርሲቲ በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ገባ። እዚያ የተጎዳ ዲኤንኤ እንዴት እንደሚጠገን ማጥናት ቀጠለ፤ በዚሁ የጥገና ጥናት በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከሁለት ሰዎች ጋር ተካፈለ። የአክስቴ ልጅ ግን አይጽናናም። «ሦስት ቦታ ብቻ? እኔ 31 ነኝ» ይላል።

ከእሱ ጋር የማንስማማበት አንድ ነገር አለ። እሱ «ሄጄ፣ ተምሬ፣ እመለሳለሁ» ይላል፤ እኔ ደግሞ የሚመለስበት እርከን ከሌለ ወደ ምን ይመለሳል እላለሁ። ባሕር ዳር ከአገሪቱ ስምንት የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ተብሏል፤ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የአዊ መሬት አሲዳማነት፣ በፋግታ ለኮማ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ በአፈሩና በውሃው ላይ የሚያመጣው ለውጥ፣ የዳንግሽታ ጉድጓዶች፤ እነዚህ ሁሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር የማይሠራ ሰው የሚፈልጉ ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ዩኒቨርሲቲ አምስት ዶክተሮችን ከማስተማር አሳርፎ ለሁለት ዓመት እነዚህ ላይ ቢያስቀምጣቸው ከአንድ ሕንፃ ያነሰ ነው የሚያወጣው። እሱ ይህን ስለው ይስቃል። «ደንቡን አንተ ጻፍና እኔ ላመልክት» ይለኛል።

አሁን በእጁ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ፣ የ24 ወር፣ መልሱ እስከ ወሩ መጨረሻ የሚፈለግ ነው። ሌላው የሁምቦልቱ ማመልከቻ ነው፤ ውሳኔው ገና ወራት ይቀረዋል፣ እምቢም ሊሆን ይችላል። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ልትወልድ ሦስት ወር ቀርቷታል። በድጎማው አራት ሰው ኬፕ ታውን ላይ መኖር እንደማይችል በወረቀት አስልቶ አሳይቶኛል፤ ብቻውን ከሄደ ደግሞ ልጁ ሲወለድ አይኖርም። ኢስቲኻራ ሰግዷል። አክስቴ «ሪዝቅህ የት እንደተጻፈ አላህ ነው የሚያውቀው፤ ግን ወይ ሂድ ወይ ተቀመጥ፣ መሃል መንገድ ላይ አትቁምብኝ» ብላዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ለደቡብ አፍሪካው የሚልከውን ደብዳቤ አስነበበኝ። የሥራ መጀመሪያው በአራት ወር እንዲዘገይለት ይጠይቃል፤ በሦስት አንቀጽ፣ ያለ ልመና። አንድ ቃል ብቻ አስተካከልኩ። ደብዳቤው ተልኳል። የስሙ አጻጻፍ እንዲስተካከል ያስገባው ፓስፖርት ግን እስከዛሬ አልወጣም።